መኪና ውስጥ ያስመለሰው ማን ነበር

ቻናሌን የከፈትኩት በብዕር ስም ነው። ፎቶ አልነበረውም፤ የምኖርባትን ከተማ የሚጠቁም፣ ጂንካ የሚል ቃልም አልነበረበትም። ያኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ከቢሮ ሪፖርት በቀር ጽፌ የማውቀው ነገር የለም። ቤታችን የሚነገረው አሪኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። «ማን ነኝ ብዬ ነው ለሰው የምጽፈው?» እያልኩ ራሴን ስነዘንዝ ከረምኩና ስሜን ደብቄ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቼ ሪፖርት ሪፖርት ይሸቱ ነበር። ስለ ካኮ ገበያ ጽፌ «በዕለቱ የተስተዋሉ ችግሮች» የሚል ንዑስ ርዕስ እንደሰጠሁት ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ። አንባቢዎቼ አሥራ አንድ ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ አምስቱ እህቶቼና ወንድሞቼ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ እስከ መጨረሻው ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ ስለ አርቦሬው ሽማግሌ ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብት ልንከትብ አርቦሬ መንደር ሄደን፣ ወደ በረቱ መንገድ እንዲያሳዩን አንድ ሽማግሌ ተመደቡልን። መኪና ውስጥ ይግቡ ብንላቸው «በእግሬ እቀድማችኋለሁ» ብለው እምቢ አሉ። ቀደሙንም። እኛ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረን ስንቀር፣ ሰው ሰብስበው ተመልሰው መጡ፤ ቅርንጫፍ አንጥፈው፣ ገፍተው አወጡን። እኔ ግን በመግፋቱም አልረዳሁም። መንገዱ ሆዴን ሲያገላብጠው ውሎ የኋላ ወንበር ላይ አስመልሶኝ ነበር። ሹፌሩ እያጉረመረመ ወንበሩን ሲያጥብ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ።

የጻፍኩት ሌላ ነው። በጽሑፌ ውስጥ ሽማግሌው ግማሽ መንገድ ላይ ደክሟቸው «አሳፍሩኝ» ብለው ለመኑ፤ ከተሳፈሩ በኋላም ወንበሩ ላይ አስመለሳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ የራሴን ውርደት ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ለምን? ያስቃል ብዬ ነዋ! ደግሞስ አርቦሬ ኔትወርክ የለም፤ ማን ይነግራቸዋል?

ሳቁልኝ። ሰው ለሰው እየላከው አንባቢዎቼ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት መቶ አለፉ። አንዱማ «ብዕርዎ ይባረክ» ብሎ ጻፈልኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ስልኬን ይዤ ግቢያችንን ስዞር ዋልኩ። ግን ሌላ ጽሑፍ ልጀምር በተቀመጥኩ ቁጥር የሽማግሌው ፊት ድቅን ይልብኛል። አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ አጠፋለሁ። ስድስት መቶ ሰው እየጠበቀኝ አንዲት ነገር አልወጣልኝ አለ። ቻናሉን ልዘጋው ወስኜ ነበር።

ለሁለተኛው ዙር ክትባት አርቦሬ ስንደርስ የመንደሩ መምህር እየሳቀ ተቀበለን። መምህሩ በወር አንዴ ጂንካ ይመጣል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ የሚነበብ ነገር ሁሉ ስልኩ ላይ ጭኖ ይመለሳል። ከዚያ ፀሐይ በረድ ሲል በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ለተሰበሰበው ሰው በቋንቋቸው እየተረጎመ ያነብላቸዋል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

«የእኛን መንደር ታሪክ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ» አለኝ። «መቼም የጻፈው ሰው እዚያ መኪና ውስጥ እንደነበረ ተስማምተናል።»

«ሽማግሌውስ ሰምተዋል?»

«ከፊት ተቀምጠው!»

ሹፌራችን ደመና እንዳለ ሊያጣራ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ።

ሽማግሌው ጥላው ሥር ከእንጨት በተጠረበች ትንሽ በርኩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። እዚያ አገር ከሩቅ የመጣ ሰው ወሬውን ሳይጠየቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ ስለዚህ ተቀመጥኩ። የጂንካን ዝናብ ጠየቁኝ፤ የእናቴን ጤና፤ ከብቶቻችንን፤ መንገዱን። መምህሩ መሃል ሆኖ ያስተረጉማል። እኔ እየመለስኩ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። በመጨረሻ፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ፣ «የዚያች መኪና ወንበርስ ደረቀ?» አሉ።

ጥላው ሥር የነበረው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ለካ ሁሉም ሲጠብቀኝ ኖሯል።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ዋሽቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።» እንባዬ መጣ።

ሽማግሌው እንባዬን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። «መጀመሪያ እንደሆነው አድርገሽ አውሪው፣ ልጄ» አሉ። «የገፉት ሰዎች እዚሁ ናቸው።»

አወራሁ። አንድ ነገር በዘለልኩ ቁጥር ያስቆሙኛል። በየትኛው ጎማ በኩል ማን እንደገፋ፣ ቅርንጫፉን የትኛዋ ሴት እንደቆረጠች፣ ሹፌሩ ስንት ጊዜ እንደተሳደበ፣ ሁሉም የየራሱን ጨመረበት። አንዷማ ተነስታ ፊቷን አጨማዳ የእኔን አስመላለስ አሳየች፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ለወራት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር የት እንደገባ አላውቅም። ቀለል አለኝ።

ስጨርስ ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «የመጀመሪያው አጭር ነበር» አሉ። «ይኼኛው ይሻላል።»

ስለ ጽሑፌ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ስድስት መቶዎቹ መርቀውኛል፤ የተሻለውን ከባሰው ለይቶ የነገረኝ ግን የለም። ይህን የሚለይ ሰው ካለኝ መጻፍ እችላለሁ አልኩ ለራሴ፤ በአማርኛም ቢሆን።

ወደ በረቱ ልንሄድ ስንነሳ ሽማግሌው በርኩማቸውንና ዱላቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ መኪናው አመሩ። የፊቱን በር አስከፍተው ተቀመጡ። መኪና ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። በመስኮቱ ወጣ ብለው አንድ ነገር አሉኝ።

«‹ካስመለሰኝ ጻፊው› ይላሉ» አለ መምህሩ።

አላስመለሳቸውም። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ «አቁም!» ብዬ የወረድኩት እኔ ነበርኩ። ጂንካ ስመለስ ሁሉንም እንደሆነው ጻፍኩት፤ ከሥሩም አባቴ ያወጣልኝን ስም አኖርኩበት።