ሲይዙት የሚናገር ሬዲዮ

በመመረቂያ ፕሮጀክቴ ስምንት ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች በተራ መብራት ነበረባቸው። እነሱ ግን እንዳሻቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሁለት ቀን ሙሉ መብራቶቹን የሚያዘውን የማይክሮኮንትሮለር ኮድ ስቀያይር ዋልኩ። በመጨረሻ ተናድጄ ሺፍት ሬጅስተሩን፣ ትእዛዙን ለመብራቶቹ የሚያከፋፍለውን ቺፕ፣ በጣቴ ስጫነው ተራቸውን ይዘው በሩ።

ሚዛን ተፈሪ ያለችው የአባቴ ሬዲዮ መጠገኛ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሳለሁ፣ እጆቹ በቡና ለቀማ የጠቆሩ አንድ ሰውዬ ሬዲዮውን አቅፎ መጣ።

«ካልያዝኩት አይናገርም» አለ።

«እስቲ እጅህን አንሳ» አለው አባባ። ሬዲዮው ዝም አለ። «መልሰህ ያዘው።» ዜናው ቀጠለ።

«በቃ፣ ብልሽቱ እጅህ ሥር ነው። ሌላውን አልነካብህም» አለው አባባ ኮራ ብሎ።

አለመንካት ምን የሚያኮራ ነገር እንዳለው ያኔ አልገባኝም ነበር።

አሁን እኔም ጣቴን ከቺፑ ላይ አነሳሁ፤ መብራቶቹ ተዘበራረቁ። አንዱን የቺፑ እግር ከሰሌዳው ጋር የሚበይደው ሊድ አልያዘውም ነበር። አንዲት የቀለጠ ሊድ ጠብታ በቃችው። የነካካሁትን ኮድ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን ሌላ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።