በታደለች ስም የተራመድኩት

ልጆቹ «አዬ፣ አንቺ ያልረገጥሽው ግቢ የለም፤ እስቲ አንድ ነገር ንገሪን» እያሉ መግቢያ መውጫ ስላሳጡኝ ነው። የፈለጉት የቀበሮ ተረት ነበር። ተረቱ ጠፋኝ። አፌ ላይ የመጣው ለባሌም ለሰባኪያችንም ያልነገርኩት ነገር ሆነ፤ ጸሎት ላይ እንኳ ዙሪያውን እዞራለሁ እንጂ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። የልጅ ልጄ ደብተር አወጣች። እንግዲህ ጻፊ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምታነብ ሰው ግን፣ ማንም ሁን ማን፣ ስማኝ።

በጓደኛዬ ስም ተራምጃለሁ። ኃጢአቴ ይኸው ነው። ያስቃል አይደል? ሰው ሰረቀ ይባላል፣ ድንበር ገፋ ይባላል፤ «ተራመደች» ተብሎ ኃጢአት አለ? አለ። ቆይ።

ታደለች ጎረቤቴ ነበረች። ከሶዶ ዳር፣ ከተማው እንሰታችንን እየበላ ወደ ዳሞታ ተራራ ሽቅብ በሚወጣበት በኩል፣ አጥራችን አንድ ነበር። ጉልበቷ ያበጠ፣ ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች፤ ሦስተኛውን ጊዜ እንዲያው ምንም በሌለበት፣ መሬት ላይ።

«ተነሺ እንጂ! መዝሙሩ አለቀ!» እላታለሁ።

«መዝሙሩ ለሚቀጥለውም እሑድ አለ። ጉልበቴ ግን ይቺው ናት» ትለኛለች፣ እየሳቀች።

እኔ ደግሞ መዞር ልማዴ ነው። እስከ በዴሳ ገበያ ድረስ ሄጄ፣ ስንቱን ሰላም ብዬ፣ ምንም ሳልገዛ የምመለስ ሰው ነኝ። የሷ መቀመጥ ያንገበግበኝ ነበር። ልናገረው፤ ሕመሟን እንደ ስንፍና ነበር የማየው። ማን ሐኪም አደረገኝ? እንጃ።

ከዓመታት በአንዱ የተማሩ ልጆች መጡ። አለቃቸው ሰብለ የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። የእድራችንን ሰው ሰብስባ አስረዳችን፤ ሰውነት እንዴት እንደሚያረጅ እናጠናለን፤ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የእጅ ጉልበት እንለካለን፤ ከወንበር በእጃችሁ ሳትደገፉ አምስት ጊዜ ትነሳላችሁ፤ ከዚህ ምልክት እስከዚያ ምልክት ትራመዳላችሁ፣ በሰዓት እንይዛለን። ከዚያ የፕላን ሰዎች ሽማግሌው በእግሩ የት ድረስ መሄድ እንደሚችል አይተው አዲሱን ጤና ኬላ ቦታ ይሰጡታል አለች። በግልጽ ነው የተናገረችው። አልገባኝም ማለት አልችልም፤ ገብቶኛል።

ግን እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን! እንግዳ «ሳሮ?» ብሎ ደህንነታችንን ሲጠይቀን፣ ነፍሳችን ልትወጣ አፋፍ ላይ ሆናም ቢሆን «ሳሮ!» ነው የምንለው። እንግዳ ፊት መድከም ነውር ነው። መለኪያው መጣ ሲባል እንደ ሠርግ ተዘጋጀን። የወንዙ ማዶ ሰፈር ሽማግሌዎች ወንበሩን እንደ ፍየል ዘለሉት የሚል ወሬ ደረሰን፤ ይኼኔ አበድን። እኔ ሰው ሰብሳቢ ነበርኩና ሁሉንም ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አምጥቼ ወንበር ደርድሬ አለማመድኩ። ሦስት ቀን! ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ተነሱ!

አያ አንጁሎ ምርኩዙን እንሰት ውስጥ ደብቆ መጣና ከወንበሩ መሃል ላይ ቀረ።

«አያ፣ ተነሳ እንጂ፤ ማዶዎቹ ይስቁብናል!»

«እነሱ ፍየል ናቸው፤ እኔ በሬ ነኝ። በሬ ሲነሳ አይተሽ አታውቂም? መጀመሪያ ያስባል» አለኝ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ኧረ ሳቃችን ይቅር!

ታደለች ግን አንዴም አልለማመድም አለች። «የሚለኩት እኔን ነው ወይስ ሌላ ሰው? እንደሆንኩ ይለኩኝ» አለች። አንድ ሰው ብቻ ልክ ነበር፣ እሷ። እኔ ግን ተናደድኩ። ስንት የደከምኩበትን በአንድ ጉልበቷ ልታበላሽብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ።

መለኪያው ሁለት ቀን ነበር። በመጀመሪያው ቀን እኔ ተለካሁ። ብረት ጨመቅሁ፣ ተነሳሁ፣ ተራመድኩ። አያ አንጁሎ እንኳ ጥርሱን ነክሶ፣ ያለ ምርኩዝ፣ ምልክቱ ድረስ ፈጥኖ ሄደ። በሁለተኛው ቀን የታደለች ተራ ነበር። ጠዋት በአጥሩ በኩል ጠራኋትና «አንቺ በጉልበትሽ አትድከሚ፤ ቤት ድረስ መጥተው ይለኩሻል ተብሏል። መታወቂያሽን ብቻ ላኪ ብለዋል» አልኳት። አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? አርባ ዓመት አብረን ኖረናል። መታወቂያውን ሰጠችኝ። ፎቶው ደብዝዟል፤ አሮጊት መሆኑ እንጂ የማን አሮጊት እንደሆነ አያስታውቅም።

ነጠላዬን ለወጥኩ፣ ፀጉሬን እስከ ግንባሬ ሸፈንኩ፤ የሰፈሬ ሰው ሳይደርስ ቀድሜ ተገኘሁ። የዚያን ቀን የሚለካው ሌላ ልጅ ነበር፤ አያውቀኝም። «ታደለች?» አለ። «አቤት» አልኩ። እኔ ነኝ አቤት ያልኩት። እኔ ነኝ ክንዴን ለግፊት የዘረጋሁት፣ ጣቴን ለደም የሰጠሁት፣ በሷ ስም የተራመድኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ከራሴ ይልቅ ለሷ ፈጥኜ ተራመድኩ። ልጁ ሰዓቱን አይቶ «እማማ፣ እርስዎ እኮ ገና ኮረዳ ነዎት!» አለኝ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ አለኝ!

ስመለስ ታደለች የጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችንን ቀሚስ ለብሳ፣ እግሯን ታጥባ፣ በር ላይ ተቀምጣለች።

«አልመጡም እኮ» አለችኝ።

«ይመጣሉ» አልኳት።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቀች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ጎዳሬ እየላጥኩ አያታለሁ።

ወራት አልፈው ቀበሌ ተሰበሰብን። ሰብለና የፕላን ሰውየው ካርታ ሰቀሉ። ጤና ኬላው ከድልድዩ ማዶ፣ ዳገቱ አናት ላይ ይሠራል ተባለ፤ ቦታው ሰፊ ነው፣ የዚህ ሰፈር ሽማግሌዎች ደግሞ ብርቱ መሆናቸው በጥናት ታይቷል። አጨበጨብን! እግራችንን የሚቀሙንን ሰዎች አመሰገንን። ማን ሞኝ እንደኛ?

ታደለች በምርኩዟ ተነሳች። «እኔስ? እኔ እዚያ በምኔ ልደርስ ነው?»

ሰብለ ወረቀቷን ገለጠች። «ስምዎ ማን ነበር እማማ? ታደለች... ይኸው አለ። እርስዎማ ከብርቱዎቹ አንዷ ነዎት።»

«እኔ? እኔን ማን ለካኝ?»

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ዕድሜ ነው፤ ይረሳል» አለ። አያ አንጁሎም «እኔ ምርኩዜን ደበቅኩ፣ አንቺ ደግሞ ሁለት እግር ደብቀሽ ኖሯል!» ብሎ ጨመረበት። አዳራሹ ተናጋ። ታደለች ዞራ አየችኝ። ያኔ መነሳት ነበረብኝ። ወንበርማ ስለማመድ ከርሜ የለ? በእጄ ሳልደገፍ አምስት ጊዜ እነሳ የለ? አንዴ መነሳት አቃተኝ።

ይህም ሆኖ ገና ትልቁን አልነገርኳችሁም። መራመዱ አይደለም ትልቁ።

በማግስቱ በአጥሩ በኩል መጣች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ እንደ ሕፃን። «እኔና አንቺ እንነጋገር፤ እነሱ ይሳቁ። በእውነት ተለክቼ ነበር እንዴ? አብረሽኝ ነበርሽ?»

«አዎ» አልኳት። «ረስተሽው ነው።»

አንድ ቃል። «አይ፣ እኔ ነኝ» ብል ምን ነበረበት? ምናልባት ትሰድበኝ ነበር፣ ምናልባት ትስቅ ነበር። ታደለች እኮ መሳቅ ታውቃለች። ፈራሁ። ምኑን እንደፈራሁ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ይኼው ነው የሚያናድደኝ።

ከዚያ በኋላ ታደለች ራሷን አላመነችም። ወጡ ውስጥ ጨው ጨምሬያለሁ ወይ ብላ ልጅ ትጠይቃለች። ቀኑ ማክሰኞ መሆኑን እያወቀች «ማክሰኞ ነው አይደል?» ትለኛለች። በሴቶች ኅብረት ጮክ ብላ ትጸልይ የነበረች ሴት፣ መሃል ላይ ብረሳስ ብላ ዝም አለች። ጉኑኖ የተዳረችው ልጇ መጥታ ቁልፉን ተቀበለቻት። ጉልበቷን እግዚአብሔር ወሰደው እንበል። ልቦናዋን ግን የወሰድኩባት እኔ ነኝ፤ ሙሉ ነበረ፣ ምንም አልጎደለውም ነበር።

ጤና ኬላው ተሠራ። አንዴ ልትሄድ ሞክራ ከድልድዩ ተመለሰች። ደግማ አልሞከረችም። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤቷ ውስጥ አረፈች፤ ልብ ነው አሉ። ግፊቷን በጊዜ ቢያዩላት ትተርፍ ነበር? አላውቅም። ማንም አላየላትም፤ ወረቀቱ ላይ የነበረው የኔ ግፊት ነው። ለቅሶዋ ላይ ከሁሉ አብልጬ ጮህኩ፤ «ለጓደኛዋ እንዴት አዘነች» ተባለልኝ።

ሰፈሩን ብዬ ነው አልልም። ባህላችን ነው አልልም፤ ያው ባህል ታደለችንም አሳድጓት አልዋሸችም። አልተማርኩም አልልም፤ «እኔ ነኝ» ለማለት ፊደል አያስፈልግም። ይቅርታዋን የምለምናት እሷን ነበር፣ አጥሩ ግን አሁን የሌላ ሰው ነው። አንተ የምታነበው፣ ይቅር ካልከኝ እሰየው፤ ካላልከኝም አልፈርድብህም።

ባለፈው ዓመት ኦቶና ሆስፒታል ለዓይኔ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ሰብለን አገኘኋት። ልጅ አዝላለች፤ እሷው ናት ያወቀችኝ። ከሰላምታ በኋላ፣ እንደ ዋዛ አድርጌ፣ ያንን ቦታ ዳገቱ ላይ እንዴት መረጣችሁት አልኳት።

«በብርቱዎቹ አልነበረም እማማ» አለችኝ። «ከሰፈሩ ሁሉ በጣም ቀስ ብሎ የሄደውን ሰው እርምጃ ነበር የያዝነው፤ እሱ የሚደርስበት ቦታ ሁሉም ይደርሳል ብለን። አንድ ሰው እንኳ ዳገቱ የማይሆንለት ብናገኝ ኖሮ ታች ሜዳው ላይ እንሠራው ነበር፤ ቦታውም ተዘጋጅቶ ነበር።»

«አንድ ሰው ብቻ?» አልኳት።

«አንድ ሰው ብቻ» አለችኝ።