እትዬ ሉል የደበቋት መታጠፊያ

ካልጋሪ ከተማ፣ ማርልቦሮ ሰፈር ውስጥ ቤዝመንታቸውን ያከራዩኝ እትዬ ሉል አጭር ናቸው፤ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የማወርድላቸው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሁለት ፎቅ ቤት የሚያህል የማዕድን መኪና መንዳታቸውን ሲነግሩኝ አላመንኩም። ጎማው ብቻ ሁለት እሳቸውን ያህላል። ሁለት ሳምንት ሰሜን፣ ድፍድፍ ነዳጅ ያዘለው አሸዋ የሚዛቅበት ጉድጓድ፤ ሁለት ሳምንት ካልጋሪ። ኑሯቸው ይኸው ነበር።

የነዳጅ ዋጋ በወደቀ በአራተኛው ዓመት ኩባንያው ሹፌር የማይፈልጉ መኪኖች ገዛ። እትዬ ሉልንም ዳውንታውን ወዳለው ቢሮ ጠሯቸው። ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። አንድ ወጣት ኢንጂነር የመንገዱን ካርታ ስክሪን ላይ ዘርግቶ፣ ዝግ የሚሉበትን ቦታ ሁሉ በጣታቸው እንዲነኩለት በትሕትና ጠየቃቸው። መኪኖቹ ከእሳቸው ሊማሩ ነው።

አሥራ ሦስት ቦታ ነኩ። አሥራ አራተኛዋን ዘለሏት። በምሥራቅ በኩል ያለች መታጠፊያ ናት፤ በረዶው ሲቀልጥ ላይዋ ደርቆ ውስጧ ይላላል። ድሮ ኤፕሪል ላይ ነበር፤ አሁን አሁን ማርች ሳይጋመስ ትከዳለች። እሳቸውም የሚያውቁት መቀመጫቸው ጥቂት ወደ ግራ ዘንበል ሲል ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። መኪናው እዚያ ቢቸገር «ሉልን ጥሯት» ይባላል ብለው አሰቡ።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ባቡር ውስጥ ሳሉ ፍስሐ ደወለ። መንገድ የሚደለድል የግሬደር ነጂ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በሬዲዮ ሲነቋቆሩ ኖረዋል። እሱን ሥራው ላይ አቆይተውታል።

«እነዚህ መኪኖች ቢያንስ አይሰድቡኝም» አለ እየሳቀ።

ሺፍቱ የት እንደሆነ ጠየቁት።

«ምሥራቅ መታጠፊያው ጋ። ምነው?»

እትዬ ሉል ስልኩን ዘጉ። አራት መቶ ቶን የሚመዝን መኪና እዚያ ከተንሸራተተ የሚወርደው ግሬደሩ ላይ ነው። ባቡሩ ማርልቦሮ ቆመ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። የሚቀጥለው ጣቢያ ወርደው ወደ መጡበት ተመለሱ።

ሲደርሱ ኢንጂነሩ ኮቱን ለብሷል። ስክሪኑን አስከፍተው አሥራ አራተኛዋን ነኩ፤ ላይዋ ሲደርቅ እንዳያምናት ነገሩት። ሁሉንም ጽፎ፣ ሌላ የቀረ ነገር እንዳለ ጠየቃቸው።

«የለም» አሉ። «ጨርሻለሁ።»

የስንብት ደብዳቤው በወሩ መጣ።

ፍስሐ አሁንም ይደውላል። ባለፈው፣ መኪኖቹ መታጠፊያዋ ላይ ሲደርሱ ልክ እንደ እሳቸው ዝግ እንደሚሉ ነገራቸው። መቀመጫው ወደ ግራ ዘንበል ይል እንደሆነ ጠየቁት። እንጃ አለ፤ የተቀመጠበት ሰው የለም።