ታረቀ ስለ አዲሱ ምንሽር የተናገረው

የደብረ ኤልያስ ሰው ጠመንጃው ሲበላሽበት ለታረቀ ይሰጣል፤ «ግባና ውኃ ጠጣ» ሲለው ግን ሁልጊዜ ይቸኩላል። እኔም እቸኩል ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ታረቀ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ማረሻችንንና ማጭዳችንን የሚሠራልን እሱ ሆኖ ሳለ፣ የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ይበላል እያልን ልጆቻችንን በደጁ አናሳልፍም ነበር። ቡዳ ነው እንለዋለን እንጂ አንድም ሰው ሲበላ ያየ የለም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ጠመንጃ የሌለው ሰው እንደሌለ የተቆጠረበት ዘመን መጣ፤ እኛም ስንሸሸው የኖርነውን ሰው ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብለን ተራ መጠበቅ ያዝን። ዕድሜው ስልሳ ሲጠጋ ገና «አያ ታረቀ» መባል ጀመረ። ደስ ብሎት ነበር። ደስታውን ለመደበቅ ፊቱን እያጨማደደ ይሠራል፤ ግን ያስታውቅበታል።

የዚያን ጊዜ የአገሩ ክርክር ምንሽር ስለሚባለው ጠመንጃ ነበር። አሮጌው ምንሽር ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ሰደፉ በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ ሲያቀባብሉት የሚንኳኳ። አዲሱ ደግሞ ጣሊያን ሊመጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው የገባ ነው። ስሙም መልኩም ያው ነው፤ የተሠራበት ዘመን ብቻ ይለያል። ሽማግሌዎቹ «የዛሬ ፈረንጅ ለመሸጥ ነው እንጂ ለመዋጋት አይሠራም» እያሉ አዲሱን ይንቁታል። ከሁሉም የባሰው ታረቀ ነበር። ሠላሳ ዓመት አሮጌውን ሲጠግን ኖሯልና አዲሱን ሲያመጡለት በሁለት ጣቱ ይዞ «ይኸ የገበያ ዕቃ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

ኋላ አንድ ልጁ ባምላኩ ከባንዳ ላይ አዲስ ምንሽር ማረከ። ባምላኩ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ፣ ዝምተኛ፣ እናቱን የብርጓልን የሚመስል ነበር። አባትየው ጠመንጃውን ተቀብሎ ሦስት ቀን ሥራ አቆመ። ቁርበት ላይ ፈትቶ ዘረጋው፤ ከጎኑ አንድ አሮጌ ፈትቶ እያንዳንዱን ብረት ከአቻው ጋር አስተያየ። በአራተኛው ቀን የጎበዝ አለቃችን እንዳላማው ባለበት፣ እኛም በተሰበሰብንበት ብድግ አለ።

«ተሳስቼ ኖሬያለሁ» አለ። «አዲሱ ይሻላል። ብረቱ ጥሩ ነው፤ ማቀባበያው ከገባ በኋላ ፀጉር አያሳልፍም። ልትለውጡ የምትችሉ ለውጡ።»

ማንም ቢናገረው አናምነውም ነበር። አሮጌውን እንደዚያ የሚወድ ሰው ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደከበደው ስላየን አመንነው። አሮጌውን ከነላሙ የሰጠ አለ፤ በቅሎ የሰጠ አለ። በሁለት ወር ውስጥ ከሠላሳ አርበኞች ሰባታችን አዲስ ምንሽር ያዝን፤ አንዱ እኔ ነበርሁ።

በኛ አገር ጠመንጃ ቅቤ ይቀባል። ዝገቱን ይከላከላል እንላለን፤ እውነቱ ግን ክብር ነው፤ የሚዘምት ሰው አናቱን እንደሚቀባ ጠመንጃውም ይቀባል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ቅቤ የሚበላ ስለሌለ የጠመንጃው ድርሻ ይበዛል። በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት በጾሙ አጋማሽ ጣሊያን ሊያስሰን መውጣቱን ሰማንና ወደ ጮቄ ተራራ ልንወጣ ሆነ። የብርጓል ከሁለት ላሟ የገፋችውን ለጋ ቅቤ በቅል ሞልታ ወደ ደጅ አመጣችው።

«እኛ እስክንፈስክ ጠመንጃው ይብላው» አለች፤ ሁሉም ሳቀ አሉ።

አሉ የምለው እኔ ስላልነበርሁ ነው። ጥይት ላመጣ ደምበጫ ሄጄ ነበር። ታረቀ የሁሉንም ጠመንጃ በእጁ ቀባ፤ አሮጌውንም አዲሱንም፣ ማቀባበያውን እያወጣ፣ ጥይቱን የሚወጋው መርፌ የሚመላለስበትን ጉድጓድ ሳይቀር እየጠቀጠቀ። የልጁን ከሁሉ አብዝቶ ቀባው። እኔ የደረስሁት ሰው ስንቁን ጭኖ ሲነሣ ነበርና የኔ ጠመንጃ በደረቁ ወጣ።

ታረቀ ጮቄን ከሩቅ ያየዋል እንጂ ወጥቶበት አያውቅም። እኛ ሦስት ሌሊት አደርንበት። ውኃ በቅል ውስጥ ይረጋል፤ ሰው ጠዋት ጣቱን ማጠፍ ያቅተዋል። በአራተኛው ቀን ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ጣሊያንና ባንዳው ከሥር ሲመጡ አየናቸው። እንዳላማው አዲስ ምንሽር የያዙትን ከፊት አሰለፋቸው፤ አያ ታረቀ ይሻላል ያለው እሱን ነዋ። እኔን ከነጠመንጃዬ በቀኝ ያለውን ገደል እንድጠብቅ ላከኝ።

ተኩስ ሲባል ከፊት ያሉት ስድስቱ ቃታ ሳቡ፤ ስድስቱም ከሸፈ። እንደገና አቀባበሉ፤ እንደገና ከሸፈ። ከኋላ ያሉት የሚንኳኩት አሮጌዎች ግን ይተኩሳሉ። የኔም ይተኩስ ነበር፤ አሥራ አንድ ጊዜ ተኩሻለሁ። ከገደሉ ላይ ሆኜ ባምላኩ ተንበርክኮ ማቀባበያውን በመዳፉ ሲመታ አየሁት። ደጋግሞ መታው። ከዚያ ወደቀ። አጠገቡ ጓዳችን ፈንታ ወደቀ። የቀረነው ሁለቱን አስከሬን ተሸክመን በገደሉ አመለጥን።

አገሩ ነገሩን ለመፍረድ አንድ ቀን አልፈጀበትም። አዲሱ ምንሽር ከዳ፤ ይሻላል ያለውም ታረቀ ነው። ታረቀ ራሱ ከሁሉ ቀድሞ ፈረደ። ከቀብር መልስ የልጁን ጠመንጃ በጥይት ሞከረው፤ ተኮሰ። ደግሞ ሞከረው፤ ተኮሰ።

«እዚህ ይተኩሳል» አለኝ። «ብርድ ላይ ነው የሚሰንፈው። ብረቱ እንከን አለው፤ እኔ ሳላየው ቀረሁ። እንዳላማው ስድስቱንም ይለውጥ በልልኝ፤ በአሮጌ ይለውጥ።»

ቃሉን ይዤ ወደ ጮቄ ተመለስሁ፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። የኔም አዲስ ነው፤ የኔም በዚያው ብርድ አድሯል። ጠዋት ላይ ከተረፉት ከአንዱ ጠመንጃ ማቀባበያውን አወጣሁና በቢላ ጫፍ ውስጡን ጫርሁት። ቅቤው እንደ ጧፍ ሰም ደርቆ መርፌውን ጨምድዶ ይዞት ነበር። አሮጌው ላላ ያለ ስለሆነ ቅቤው ቢረጋም መርፌው ያልፋል። አዲሱ አያላውስም፤ ደኅና ተደርጎ ስለተሠራ። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። የፈረንጅ ተንኮል ቢሆን ምን ነበረበት።

መንገር አልፈለግሁም። ነገር ግን እንዳላማው ስድስቱን ጠመንጃ ለመለወጥ ሰው ልኮ ነበር፤ ሊለወጥባቸው የተዘጋጁት አሮጌዎች ሃምሳ ክንድ ላይ ያለ በሬ የሚስቱ ናቸው። ዝም ብል ሌላ ሰው ይሞታል። ለእንዳላማው ነገርሁትና በማግሥቱ ወደ ታረቀ ወረድሁ።

ወናፉ አጠገብ እሳት ሳያነድ ተቀምጦ አገኘሁት። እንዳየሁት ነገርሁት፤ አንድም ቃል አልቀነስሁም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማኝ።

«እንግዲያ ጠመንጃው ጤነኛ ነው» አለ።

«ጤነኛ ነው፣ አያ ታረቀ። እርስዎ ያሉት ልክ ነበር።»

«ልክ ነበርሁ» አለና የቀዘቀዘውን አመድ በጣቱ ጫረ። ከዚያ «ለወንዶቹ ንገራቸው» አለኝ። «በፈላ ውኃና በአመድ ይጠቡት፤ በደረቁ ይያዙት። እንዳይለውጡት። ደምለው፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የብርጓል እንዳትሰማ። ቅቤውን የገፋችው እሷ ናት።»

ለእንዳላማው ነገርሁት፤ እሱም ሰዎቹን አስማለ። ሁሉም ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን ለወገኖቼ አልነሣቸውም።

የባምላኩ አርባ ከፋሲካ በኋላ ዋለ። እኛም ከጮቄ ተሰውረን ወርደን ለተዝካሩ ተቀመጥን። ሰው ከብዶት ነበርና ብዙ አልበላም። የብርጓል እንጀራ ይዛ ስትዞር ከግድግዳው የተደገፉትን አዲሶቹን ጠመንጃዎች አየች። ቆመችና አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

«ከዱን አላላችሁም?» አለች። «ታዲያ ለምን እስካሁን ያዛችኋቸው?»

እንዳላማው መሬት መሬት ያያል። እሷ ወደኔ ዞረች።

«ደምለው፣ ያንተም አዲስ ነው። ያንተ ተኩሷል ይላሉ። የልጄ ምን ሆኖ ነው?»

የምዋሸው ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ዓይኗን ሳይ ጠፋኝ። ታረቀ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«አዲሱ ጥሩ ነው» አላት። «የሌሎቹ ጥይቱ ረጥቦ ነው የከሸፈው፤ የባምላኩ ብቻ ብልሹ ነበር። መርፌው ሲሠራ የተሰነጠቀ ነው። ሦስት ቀን ፈትቼ ይዤው አላየሁትም። ማንም ያየው ነበር፤ እኔ አላየሁትም።»

እንጀራውን አስቀመጠች። በዚያ ቤት ያለነው ሰዎች ሁሉ እውነቱን እናውቃለን፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ሁላችንም አጎንብሰን ወጡን እናያለን።

«በገዛ ዓይንህ በላኸው» አለችው። «ዓይንህ ይጥፋ።»

ያንን ቃል ከጎረቤት ሁሉ ሲሰማ ኖሯል፤ ከእሷ አፍ ግን ሰምቶት አያውቅም።

«አሜን» አለ ታረቀ።

የብርጓል በሳምንቱ ላሞቿን ነድታ ወደ ወንድሟ አገር ሄደች። ሰዉም ወሬውን ይዞ «የገዛ ልጁን በላ» ማለት ጀመረ፤ ጠመንጃ ይዞ ወደ ታረቀ ደጅ የሚሄድ ጠፋ። እውነቱን ብናገር እሷ ዘንድ ይደርሳል እያልሁ ዝም አልሁ። እኔም ወደሱ አልሄድሁም።