የአማቴ ጸበልና የጓሯችን ገንዳ

ይህ ነገር ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ነዳጅ ተወዶ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሥራ ሰው የሚለምንበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያን ሳምንት ድንጋጤ ግን አልረሳውም፤ መርሳትም አልፈልግም።

ባለቤቴ ዳዊት ሰሜን ባለ የነዳጅ ካምፕ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት ቤት። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተን ከሁለት ልጆቻችን ጋር ስንኖር፣ እናቱ እማማ በላይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጡ።

እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። አዲስ አበባ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስንጋባ፣ ቤታቸው የሃያ ደቂቃ መንገድ ሆኖ ሳለ ሠርጋችን ላይ አልተገኙም። ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት በስልክ «ደህና ነሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው?» ከመባባል አላለፍንም። ስለዚህ በዚያ ሰመር የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እማማ እንዲወዱኝ።

ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ውሃ ውስጥ ይራመዱ ብላ አዘዘች። የሕዝብ መዋኛው የክሎሪን ሽታ አልስማማ አላቸው። ደግሞም ሰው ፊት የዋና ልብስ ለብሰው ከሚታዩ ጉልበታቸው ቢቀር ይሻላቸዋል። ዳዊት ሌላ ዘዴ አመጣ። አንድ ሙሉ የእረፍት ሳምንቱን ሰጥቶ ጓሯችን ውስጥ መሬት ላይ የሚቆም ትልቅ ገንዳ ተከለ፤ በጨው የሚሠራውን ዓይነት። ጨው ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ማሽኑ ከጨው ራሱ ክሎሪን ያወጣል፣ ሽታውም ቀላል ነው። ሞልቶ፣ ጨውን ጨምሮ፣ «ውሃውን ባላንስ ማድረግ ያንቺ ሥራ ነው» አለኝና ወደ ካምፑ ተመለሰ።

ባላንስ! እኔ ኬሚስትሪ የተማርኩት ለፈተና ያህል ነው። የውሃውን አሲድነት የሚለካው ፒኤች በየቀኑ ይወጣል። በአሲድ ሳወርደው፣ ፒኤቹን የሚያረጋጋው አልካሊኒቲ አብሮ ይወርዳል። እሱን ሳነሳ ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል። ዳዊት ሲደውል «እንዴት ዋልሽ» ከማለቱ በፊት «ፒኤች ቼክ አደረግሽ?» ይላል። አንድ ቀን «እኔም ሰው ነኝ፣ እኔንም ቼክ አድርገኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

እማማ ግን ገንዳውን ወደዱት። ረጅም ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ይገቡና ጠርዙን ይዘው ይዞራሉ። በየጠዋቱ ከመግባታቸው በፊት ከአገር ካመጡት ጸበል በባዶ ሆዳቸው ትንሽ ይጠጣሉ። ካመጧቸው ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች አንዱ አልቆ አንዱ ቀርቷል። ልጆቹ እንዳይነኩት ኩሽና ውስጥ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውታል። እኔ በጸበል ባላምንም ለእሳቸው ክብር ስል አልነካውም ነበር።

የገንዳ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውሃ ይዘው ከሄዱ በኮምፒውተር ይመረምራል። አንድ ረቡዕ ከገንዳው በተመሳሳይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳሁና ልጆቹ እንዳይጠጡት እኔም እዚያው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ሐሙስ ማለዳ ሺፍት ረፍዶብኝ ስጣደፍ እጄ ያገኘውን ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ።

ከሥራ በኋላ ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ ለምርመራ ትንሽ ወስዶ የቀረውን ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። «ይሄ ውሃ ጨው የሚባል ነገር የለውም» አለኝ። በቅርቡ እንደጨመርን ብነግረውም ወረቀቱን አሳየኝ። አራት ጆንያ ጨው ገዝቼ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ተሸክሜ ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩት። በማግስቱ ማሽኑ ጨው በዝቷል ብሎ ቀይ መብራት አበራና ሥራ አቆመ። ሰውዬውንም ኮምፒውተሩንም ረገምኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ኩሽና ስገባ እማማ ጠርሙሱን ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሂሩት ልጄ፣ ነይ ቁጭ በይ። ጸበሉ ጨው ጨው አለኝ። ይኸው ሦስት ቀኔ።»

ወዲያው ገባኝ። ሱቅ የወሰድኩት የእሳቸውን ጠርሙስ ነበር። የገንዳ ውሃ አጠጥቻቸዋለሁ፤ ጸበላቸውን አስደፍቻለሁ። ጴንጤዋ ምራቴ ሆን ብላ አደረገችው ቢሉ ማን ይፈርድልኛል?

አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ። «ለምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ልጄ ሲዳር ቤቴን ዘግቼ ዋልኩ። አንቺንም ፊት ነሳሁሽ። ይኸው ፈጣሪ ጸበሌን ጨው አደረገብኝ። ይቅር በይኝ።»

ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ማለት አማረኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን ሴትዮዋ ፈጣሪ የተቆጣቸው መስሏቸው ሦስት ቀን ሙሉ ሲያለቅሱ ሰንብተዋል። አልቻልኩም።

«እማማ፣ ጨው ያደረገው ፈጣሪ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኩና መደርደሪያውን፣ ሱቁን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጸበሉ ማጠቢያ ውስጥ መደፋቱንም አልደበቅኩም።

ጠርሙሱን አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት።

«እግር የታጠበበት ውሃ ነዋ የጠጣሁት» አሉ።

«የራስዎን እግር ነው እማማ» አልኩ ሳላስበው።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ብድግ ስል እየሳቁ ነው። እኔም ስስቅ እንባዬ መጣ። ትንሽ ስንረጋጋ፣ «እንግዲህ ቅጣት አልነበረም፤ ያሉትን እንዳልሰማሁ ይቁጠሩት» አልኳቸው፤ ልገላግላቸው ብዬ።

እጄን ያዙኝ። «የተሳሳተው ጠርሙሱ ነው እንጂ ይቅርታዬ አይደለም። ይቅርታ ብዬሻለሁ፣ ብያለሁ።»

እሑድ የራሴን አምልኮ አስቀርቼ ቤተ ክርስቲያናቸው አደረስኳቸው፤ ከዚያም ሌላ ጸበል ይዘን ተመለስን። ጠርሙሱ ላይ በወፍራም ማርከር «ጸበል» ብዬ ጻፍኩበት። ከገንዳው ውሃ ግማሽ ያህሉን አፍስሰን በጎማ አዲስ ስንሞላ፣ ማሽኑ በስንት ልመና ተነሳ። ዳዊት በስልክ ጨው በዝቶ ማሽኑ ቆሞ እንደነበር ሲሰማ ቱግ አለ። ልመልስለት ስል እማማ ስልኩን ነጠቁኝ።

«ጨው ያንሰዋል ብዬ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ምን ልትለኝ ነው?» አሉት። ዳዊት ወዲያው ወሬውን ወደ ጉልበታቸው አዞረ።

ስንት ጊዜ እውነቱን ልነግረው ፈልጌ፣ እማማ «የእኔና ያንቺ ነው» እያሉ ከለከሉኝ። ሰሞኑን ስደውልላቸው ግን «በቃ ጻፊው» አሉኝ።

ዳዊትዬ፣ ይህን ካነበብክ፣ እናትህ ገንዳው ውስጥ አንዲት ቁንጣሪ ጨው አልጨመሩም። የዋሹህ ለእኔ ብለው ነው።