ወደ ሳሪስ የሚሽቀዳደሙት መኪኖች

ቴሌቪዥናችን የተከፈተው የወንድሜ አርባ ከወጣ በኋላ ነው። እስከዚያ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። በተከፈተ ቀን እናቴ ዜና አየች። እኔን ግን ሌላ ነገር አማረኝ፤ ልጆች ሳለን ከእሱ ጋር የምናየው የመኪና እሽቅድምድም ካርቱን። የድሮ ሥራ ነው፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የመኪኖቹ ጎማ ከሹፌሩ የሚበልጥ። በዲሽ ከዓረብ ጣቢያ ነበር የሚመጣልን።

ዓረብኛ አናውቅም። ማለቴ፣ እኔ አላውቅም። ታላቄ ግን አውቃለሁ ይል ነበር። እናታችን እኛ ሳንወለድ ቤሩት ሠርታለች፤ "ከእማዬ ነው የለመድኩት" ይለኛል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉምልኛል።

ሹፌሩ "ሳሪዕ! ሳሪዕ!" ብሎ ሲጮህ፣ ወንድሜ "ሳሪስ ደረስኩ እያለ ነው" አለኝ። አመንኩት። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ሁሉ ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ሆነ። አንድ ቀን መኪኖቹ በረዶ የለበሰ ተራራ ሲወጡ፣ "ይሄ ደግሞ የት ነው?" አልኩት።

"በአቋራጭ ነው የሄዱት" ብሎኝ ዐረፈ።

ባለፈው እሑድ ካርቱኑን ስልኬ ላይ አገኘሁት። ያው የዓረብኛው ነው። መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ የቀዩ መኪና ፍሬን እምቢ አለና ቁልቁል ተንደረደረ። ሹፌሩ አንድ ነገር ብሎ ጮኸ። እዚህ ጋ ወንድሜ የሚለው ነገር ነበር። በሳቅ መሬት ላይ እንንከባለል እንደነበር አስታውሳለሁ። ቃሉ ግን የለም። መልሼ አየሁት። አሁንም የለም። ፎቶው አለን፣ ጃኬቱም አለ። ይሄን ግን ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የለም ብዬ... ደነገጥኩ።

እናቴ ጓዳ ጎመን ትከትፋለች። ስልኩን ይዤ ሄድኩ።

"እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ምንድነው የሚለው?"

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጎንበስ አለች። "ውይ! ይሄ ነገር አሁንም አለ?" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "የእሱን ነው ወይስ እውነተኛውን?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እውነተኛውማ 'ከመንገድ ላይ ውጡ' ነው የሚለው። ሳሪዕም ፈጣን ማለት ነው። አንተ ሞኝ፣ ሳሪስን እዚያ ምን ያደርሰዋል?"

"ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? የወንድምህ ይሻላል። እኔም ከዚህ ሆኜ የምሰማው እሱን ነበር።"

"የእሱን ንገሪኝ" አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች። አገጯን ወደ ውስጥ ስባ፣ በዚያ በወንድሜ በወፍራሙ ድምፅ፣ "የሳሪሱ አቡዬ! ፍሬኑን ያዙልኝና ጃንጥላ አስገባለሁ!" አለች።

"እሱ ነው! እሱ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ቆይ፣ ቁልቁለቱ ሲብስበት ሁለት ጃንጥላ ያደርገዋል" አለችና በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። ጎመኑን ረስታዋለች። "ከመጀመሪያው መልሰው። ድምፁንም ቀንስልኝ፣ ሰውዬው እየረበሸኝ ነው።"

ድምፁን አጠፋሁት። መኪኖቹ ተነሡ፣ እሷም ቀጠለች።