ፎቶ የመሰላቸው አባት

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ሙዚቃ ቤት ውስጥ ስሠራ ዋናው ሥራዬ ቪዲዮ ማሳነስ ነበር። የገጠር ደንበኛ ቤቱ መብራት ስለሌለ የሠርጉን ሲዲ ማየት አይችልም፤ ስልኩን ግን በሶላር ይሞላል። ስለዚህ ሲዲውን ስልኩ ላይ እንድንጭንለት ያመጣዋል። የስልኩ ሚሞሪ ደግሞ ጠባብ ነው።

የማሳነሻው ፕሮግራም ንፉግ ነበር። የማይንቀሳቀሰውን ነገር አንድ ጊዜ ይመዘግብና ይተወዋል። የሚንቀሳቀሰውን ግን ደጋግሞ መመዝገብ ስላለበት ቦታ ሲያጥረው ይበጣጥሰዋል። እስክስታ አይወድም።

አንድ ቅዳሜ ከቡሬ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ ሴት የተጫጫረ የሠርጋቸውን ሲዲ ሰጡኝ። የሞቱትን አባታቸውን በስልካቸው ማየት ነው የፈለጉት። ኮምፒውተሩ እንደምንም አነበበው፤ አሳንሼ ስልካቸው ላይ ከፈትኩላቸው። ጨፋሪው ሁሉ ጭጋግ ሆኗል። የዳሱን ምሰሶ ተደግፈው የቆሙት ሽማግሌ ግን ጥርት ብለው ይታያሉ። የአገሬው ሽማግሌ ያኔ የቪዲዮ ካሜራ ሲያይ ፎቶ ይመስለውና ትንፋሹን ይዞ ይገተር ነበር፤ እኔም ስንት ጊዜ ስቄያለሁ።

«አባየ ናቸው» አሉ ሴትዮዋ። እኔ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ስልኩን ልሰጣቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ ወንድሜ፣ አሁን ይስቃሉ።»

ሽማግሌው ፎቶው የተነሣ መስሏቸው ዘና አሉ። ወደ ሙሽሪት ልጃቸው ዞረው ፈገግ ሲሉ ፊታቸው ተበጣጠሰ።

ሴትዮዋ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ይችን ብየ ነው የመጣሁ» አሉ። «እንዲህ ሲስቁ ሌላ ጊዜ አላየኋቸውም።»

ያቺን ቦታ አጥርቼ ልሠራት እችላለሁ፤ ግን ሚሞሪው ሞልቷል፣ ከሌላው ትንሽ መቆረጥ አለበት አልኳቸው።

«ጭፈራውን ልቀንሰው? እሱ እንደሆነ ጥርት ብሎ አይታይም።»

«ኧረ ምን በወጣኝ! አገሬው ራሱን ሊያይ ይመጣ የለም? ራሱን ያጣው ሁሉ ሲቀየመኝ ሊኖር ነው?» ስልኩን መለሱልኝ። «እኔን ከቪዲዮው አውጣኝ።»

ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቴም ያንኑ አሉኝ። ሙሽሪት ወደ ዳሱ ስትገባ፣ ስትቀመጥ፣ ስትመረቅ፣ ሁሉንም ቆረጥኩት። የአባትየው ሳቅ ጥርሳቸው እስኪታይ ድረስ ጠራ። ሴትዮዋ አይተው አለቀሱ፤ መርቀውኝም ወጡ።

ያን ቪዲዮ ያየ ጎረቤት ሁሉ ሽማግሌው ወደ ማን ዞረው እንደሚስቁ አያይም።